የመጋዝ እጅ በጎማ ጀልባ ላይ

ወንድሜ፣ ብዕሩን የያዘችው ነርሷ ምራቴ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። «ለጤናዎ ይበጃል» ብላ በጎማ ጀልባ ወንዝ ላይ ይዛኝ ወጥታለች። አልዋሽህም፣ ትከሻዬ ተፍታቷል፤ እንቅልፌም ተመልሷል። ደስታ ግን የለኝም።

ትናንት ውሃው ሲያጓራ ጀልባ ነጂው «ሳብ!» ብሎ ጮኸ። መቅዘፊያውን አንዴ ሳብኩና እጄን አላላሁ፤ ሠላሳ ዓመት በሁለት ሰው መጋዝ ግንድ ስንሰነጥቅ እንደለመድኩት፣ አንተ ከወዲያ እስክትስብ ጠበቅኩ። ጀልባዋ ዞራ ከድንጋይ ተላተመች። «አባት፣ ማንን እየጠበቁ ነው?» አለኝ።

አንተ ቀኝ እጅህ ከሰነፈ ወዲህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተሃል። ሐኪሙ አንቀሳቅሰው ቢልህ እምቢ አልክ። ያ ሁሉ ግንድ ያልረታህ ሰውዬ ለአልጋ እጅ ትሰጣለህ? ስመለስ ፎጣ ይዤ እመጣለሁ። አንዱን ጫፍ አንተ ትስባለህ፣ ሌላውን እኔ።

የምትጽፍበት ካርድ ሞላ አለችኝ። ባለቤትህንና ልጆችህን ሰላም በልልኝ።

በይ ልጄ፣ አሁን አንብቢልኝ። መሳብ ቢያቅተውም የፎጣውን ጫፍ አልለቅም ያልኩትን ዘለሽው ከሆነ፣ የካርዱ ጠርዝ ላይም ቢሆን ጻፊው።