የበረኛው ጫማ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን። እናታችን እንደ ወትሮዋ ትቆጣለች፣ እኔም እንደ ወትሮዬ አስቆጣታለሁ።

አያታችን በወጣትነታቸው በረኛ ሆነው የተጫወቱበትን የመጀመሪያውን የአህጉር ዋንጫ ሰሞኑን በሬዲዮ ያዳምጣሉ። ባትሪ ድንጋዩን ካወጣሁት ሰንብቷል፤ እሳቸው ግን «ዝም በል፣ የማዕዘን ምት ነው!» ይሉኛል።

«አባባ፣ ሦስት ቡድን ብቻ መጥቶ ዋንጫ ይባላል? የሰፈራችን ውድድር ይበልጣል» አልኳቸው።

«አንተ ዋልጌ! ያኔ ተቀያሪ እንኳ አልነበረም። የጎደለ ጎደለ ነው።» ወደ ግድግዳው ፎቶ ዞሩ። እዚያ ላይ ያሉት አስሩ ጓደኞቻቸው ሁሉም አርፈዋል። «ይኸው ያለ በረኛ እየተጫወቱ ነው» አሉኝ።

ሳቅኩባቸው። ግን የድሮ ታኬታቸውን አውጥተው ሲወለውሉ ሳይ፣ አንዱን እግር ወስጄ ቁም ሳጥን ላይ ደበቅኩት። በአንድ እግር ጫማ የትም አይሄዱም ብዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱም አልጋቸው ስር ነበሩ፤ ጭቃ በጭቃ ሆነው። ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል፤ እሳቸውም ያለ ደጋፊ ከአልጋ አይወርዱም።

ፈቃድ ከሰጡህ ቶሎ ና። አያታችን ሰላም ብለውሃል፤ «እረፍት ላይ ነን፤ ከደረሰ ይድረስ» ብለዋል።

ሰላምህ ይብዛልኝ። ይህን የምጽፍልህ ሁለቱንም ጫማ ታቅፌ ነው። ጭቃው እስካሁን አልደረቀም።

ነገረኛው ታናሽህ