ለሕፃናት እውነቱን የነገሩት ወይዘሮ ወለተሐና ገብረ ጻድቅ

ወይዘሮ ወለተሐና ጉም አንኮበርን በዋጠበት በኅዳር 1909 ዓ.ም. አንድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከአባታቸው ከቄስ ገብረ ጻድቅ ወልደተንሣኤ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደመቀች ይርጋለም ተወለዱ።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት የደገሙት ከአባታቸው ዘንድ ነው። በ1927 ዓ.ም. ከአቶ ወርቅአገኘሁ ዘርአ ዳዊት ጋር በቁርባን ተጋብተው ሁለት ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩአቸው ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው፣ በ1946 ዓ.ም. በአንድ የሙት ልጆች ማሳደጊያ በሞግዚትነት ተቀጠሩ።

በነሐሴ 1949 ዓ.ም. ከአንኮበር በታች ናዳ አንድ ቤት ሲቀብር፣ ከቤተሰቡ የተረፈችው የሦስት ዓመቷ አልታየች ብቻ ነበረች። ወደ ማሳደጊያው መጥታ እናቷ የት እንዳለች ጠየቀች። በአገራችን ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ወይዘሮ ወለተሐናም እንደ ልማዱ «አሊዩ አምባ ገበያ ወርዳለች፤ ሸንኮራ ይዛልሽ ትመጣለች» አሏት።

ሕፃኗ አመነች። ገበያተኛ ባለፈ ቁጥር ከበሩ ቆማ የእያንዳንዷን ሴት ፊት ታይ ነበር። እየዋለ ሲያድር እህል ጠላች፤ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታ አልጋ ሥር ትደበቅ ጀመር፤ በመጨረሻም መናገር ተወች። ሰዎች ዐይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል አስጠመቋት። ወይዘሮ ወለተሐና ግን ከበሩ እያነሡ የሚያስገቧት እሳቸው ነበሩና ምን እንደያዛት ያውቁ ነበር። አውቀውም ክረምት እስኪመለስ ዝም አሉ።

ኋላ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እውነቱን ሲነግሯት፣ ከዚያ ሁሉ ዝምታ የወጣው ቃል «ትመጣለች አልሽኝ» የሚል ብቻ ሆነ። ዳግመኛ ወደ ዕቅፋቸው አልመጣችም። አጎቷ ወደ ደነባ ሲወስዷትም ዞራ አላየቻቸውም።

ከዚያ ወዲህ የመጣ ሕፃን ሁሉ በመጣበት ቀን፣ በሚገባው ቃል፣ እውነቱን ከእሳቸው ሰማ። ጭቃ አቡክተው ሰውና ቤት ይሠሩለታል፤ ቤቱን ሲንድ አይከለክሉትም፤ የጭቃውን ሰው ሲቀብርም አብረውት ያለቅሳሉ፤ እስኪበቃው። ጎረቤት «ኧረ እትዬ፣ ምነው ሟርቱ! ሕፃን ያስቀብራሉ?» ሲላቸው፣ «እናቱ እኮ ናት፤ እሱስ አይቅበራት?» ይሉ ነበር። ብዙዎቹ እንቅልፍ አገኙ፤ አፋቸውን ፈቱ፤ ተጫወቱ። ሲመሰገኑ ግን አንገታቸውን ደፍተው «የተማርኩት በአልታየች ነው፤ ለእሷ ግን አልደረስኩላትም» ከማለት አልቦዘኑም።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። ከልጆቻቸው ከወይዘሮ ወለተ ሥላሴና ከአቶ ገብረአማኑኤል ወርቅአገኘሁ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል።

የሕፃናትን እንባ የማይንቅ አምላክ የእሳቸውንም ጸጸት ተቀብሎ ነፍሳቸውን በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍ።

በማሳደጊያው ላሉት ሕፃናት ማረፋቸው ያንኑ ዕለት ተነግሯቸዋል።