እቴጌ ያደረጓት እናትሽ

ይድረስ በሰው አገር ላለሽው ለእህቴ ልጅ ለስመኝ፤

እንዴት ነሽ ልጄ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገቤን ያመኛል ያልሽኝ ተሻለሽ፣ ወይስ እኔን ላለማሳሰብ ዝም ብለሽ ነው? እንቅልፍ ታገኛለሽ? አሳዳሪዎችሽስ ፊታቸው እንዴት ነው? ዘንድሮ እናንተ ዘንድ ሙቀቱ በርትቷል ሲባል ሰምቼ፣ ልብስ ልታሰጪ ጣራ ላይ ስትወጪ በዓይነ ልቦናዬ እየመጣሽብኝ እጨነቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓይኔም በመነጽር ታግዞ ይህን ያህል ይጽፋል። ልጄ ሰርካለምና ባሏ ንጉሡ ደኅና ናቸው። ገብሱን በረዶ ቢመታውም ከነጭራሹ አላጣነውም።

ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን ልጅ አሚራ ለዕረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ስለምትመለስ በእጇ ሰድጄልሻለሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ስልኩ መሐል ላይ እየተቆረጠ ግማሹን ሰምተሽ ግማሹ እንዲቀርብሽ አልፈለግሁም። ሥራሽን ጨርሰሽ፣ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

በጥቅምት በሰርካለም ስልክ የላክሽውን ቪዲዮ አይቻለሁ። “እታለም፣ አገራችን በዓለም ታወቀችልን፤ የእቴጌ መቃብር እኛ ዘንድ ተገኘ! እዚህ ላሉት የአገሬ ልጆች ሁሉ አሳየኋቸው” ብለሽ በድምፅ የላክሽውንም ሰምቻለሁ። ድምፅሽ እንዲያ ደስ ብሎት ከሰማሁት ብዙ ጊዜዬ ነው። ስመኝ ልጄ፣ ያ ክምር ድንጋይ የእናትሽ መቃብር ነው።

ባለመለየትሽ አልቀየምኩሽም። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ወስጄሽ ነበር፤ በሁለት እጅሽ ተሸክመሽ ያመጣሽውን ድንጋይ አስቀምጠሽ፣ “አሁን ሞቃት?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያኔ ክምሩ ከወገቤ አይበልጥም ነበር፤ አሁን ከሰው ቁመት አልፏል። በዚያ ላይ በሚበር ካሜራ ከሰማይ አንስተው ነጋሪት ካስጎሰሙበት ማን ይለየዋል? እኔም ከጎኑ ያለውን የኮሶ ዛፍ ባላይ ኖሮ አላውቀውም ነበር።

የእናትሽን ነገር ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ፤ ግን አሁን በጽሑፍ እንዲቀመጥልሽ እፈልጋለሁ። ደሴ ስማር የነበሩ መምህራችን ድርሰት ሲያርሙ፣ “ማን አየ? ከማን ሰማሽ?” ለሚለው መልስ የሌለውን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰርዘው መዳፋችንን በአለንጋ ይሉን ነበር። ስለዚህ ያየሁትንና የሰማሁትን ለይቼ ልጻፍልሽ።

ያየሁት ይህን ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት በጥቅምት፣ እናትሽ አሰጋሽ አንቺን ከእኔ ዘንድ ትታ እርዳታ ወደሚታደልበት ቦታ ሄደች። የአንገቷን የብር መስቀል ቀደም ብለን በእህል ለውጠነው ነበር። ማተቧ ባዶውን እንዳይቀር ከተማሪ ቤት ኮቴ የወለቀውን ጥቁር ቁልፍ አሰረችበትና፣ “እንግዲህ ክርስትናዬ በኮት ቁልፍ ይታወቅልኝ” ብላ ሳቀች። ስትስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

የሰማሁት ደግሞ ያኔ ጨው ይነግዱ ከነበሩት ከሐጂ መሐሙድ ነው። ስትመለስ ዳገቱ አናት ላይ ወድቃ አገኟት። ነፍሷ አልወጣም ነበርና የቤታችንን ስም ነገረቻቸው፤ ዱቄቱን ለልጄ አለቻቸው፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። ሐጂ ብቻቸውን ነበሩ። መቆፈሪያም አልነበራቸውም፤ በበትራቸው የቻሉትን ያህል ጭረው፣ በነጠላዋ ጠቅልለው ቀበሯት፤ ጅብ እንዳያወጣት ድንጋይ ከመሩባት። ዱቄቱን ቋጠሮውን ሳይፈቱ እኛ ቤት አደረሱት። እሳቸውም የተራቡ ሰው ነበሩ። አንቺ ያን ወር የተሻገርሽው በዚያ ዱቄት ነው። አባትሽ ዋለ ወደ ቤተ ክርስቲያን እናምጣት ሲል አስከሬን የሚሸከም ጉልበት ያለው ሰው በመንደሩ ጠፋ። ዘመኑ ደግ ሲሆን ደግሞ፣ በመንገድ ለቀረ ሰው እንደሚደረገው እስላሙም ክርስቲያኑም ባለፈ ቁጥር ድንጋይ እያኖረላት ክምሩ አድጎ ስላየ፣ “ይህ ሁሉ ሰው እየጎበኛት ከሰው ለምን እለያታለሁ?” አለና እዚያው ተዋት።

ቪዲዮውን የሠራው የብርሀንነሽ ልጅ ይሄነው ነው፤ ሲወለድ ታስታውሺዋለሽ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ አጥቶ ተቀምጧል። እቴጌይቱ ከጦር ሸሽታ ወደ አባይ ስትወርድ እዚህ ሞተች፣ የሞተች ዕለት ፀሐይ ቆመች፣ ወርቋም አብሯት ተቀበረ ይላል። ስሟ ማን ነው ቢባል፣ ተሰውሯል ይላል። ቤቱ ድረስ ሄጄ ማን እንደነገረው ጠየቅሁት። “ሽማግሌዎች ናቸው፣ እማማ ይታይሽ” አለኝ። የትኛው ሽማግሌ ብለው፣ “ብዙ ናቸው” አለ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፤ እኔን ለምን አልጠየቅህም? የተቀበረችው እህቴ ናት አልኩት። በክፋት ሳይሆን እውነቱን ለመናገር ያህል፣ “እማማ፣ በሰባ ሰባት የሞተች ሴት ብል ማን ያያል? በየዳገቱ አንድ አለች እኮ” አለኝ።  እውነቱን ነው፤ በየዳገቱ አንድ አለች።

ኅዳር ሲጋመስ ወርቅ ፈላጊዎች ክምሩን አፍርሰው ቆፈሩት። እነማን እንደሆኑ አልታወቀም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ሰው ሲሰበሰብ እኔም በሰርካለም ትከሻ ተደግፌ ወጣሁ። ልጄ፣ የእናትሽ አፅም ፀሐይ ላይ ነበር። በነጠላዬ ሸፈንኳት። ይሄነው ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር አንስቶ “የእቴጌይቱ ጌጥ!” እያለ ለስልኩ ያሳያል። ጥቁሩ ቁልፍ ነው። ቀዳዳዎቹን አጥርተህ እያቸው፤ የትኛዋ እቴጌ ናት የኮት ቁልፍ ያንጠለጠለች? አልኩት። ሰው ሳቀ፤ የሳቁት ግን በእኔ ነው። አንዱ፣ “አሮጊቷ ወርቁን ለብቻዋ ልትወርስ ነው” አለ። ሌላው፣ አፅሙ ቅርስ ስለሆነ ተጭኖ ወደ ከተማ ይሂድ፣ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ አለ። የሚደግፈውም በረከተ። እናትሽን መስታወት ውስጥ አድርገው፣ በሌላ ሰው ስም፣ ለሰው ሊያሳዩብኝ ነው። አፅሙ አጠገብ ተቀመጥኩና ከነነፍሴ ካላነሣችሁኝ አልነሣም አልኳቸው።

ሰርካለም አሁን ሐጂ ወደሚኖሩበት ወደ አጅባር ደውላ ኖሮ በማግስቱ ሐጂ መሐሙድ በመኪና መጡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ቁልፉን በእጃቸው ሲያስይዟቸው በጣታቸው አገላበጡትና፣ “ያ አላህ፣ እሷ ናት” አሉ። ቀጥለውም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “ነፍሷ ሲወጣ የማን ወገን ናት ብዬ አንገቷን ብዳብስ ማተቧን ከነቁልፉ አገኘሁት። ክርስቲያን መሆኗን በሱ አወቅሁ። ስለዚህ እንደ እኛ ሳይሆን እንደ እናንተ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ነው ያስተኛኋት። የቆፈራችሁ ሂዱና እዩ” አሉ። ጉድጓዱን አዩት፤ እንዳሉት ነው። ትናንት የሳቀው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ከዚያ በኋላ ስለ መስታወት ያነሣ የለም።

ቄሱ ፍትሐት አደረሱላት፤ በሞተች ጊዜ ያላገኘችውን አገኘች። አባትሽ እንደወሰነው እዚያው መለስናት፤ ቁልፉንም አብረን። ይሄነው ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲመልስ ዋለ፤ መዳፉ ደማ። ይቅርታ በሉኝ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ሳምንት ሳይሞላ ግን አሚራ አዲስ ቪዲዮ አሳየችኝ። “እቴጌይቱና ዓይነ ስውሩ ሐጂ” ይላል። ሐጂ ሦስት መቶ ዓመት ኖረው መቃብሯን ሲጠብቁ የነበሩ ሰው ሆነዋል። አሚራ ሳቋ አመለጣት፤ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው ልጄ። ሐጂ አርጅተዋል፤ እኔም እንግዲህ ብዙ አልቆይም። ሁለታችን ስንሄድ ቋጠሮዋን ሳትፈታ ዱቄት ይዛ ስትመጣ የወደቀችው አሰጋሽ ትጠፋና፣ ያልነበረችው እቴጌ ትቀራለች። ቪዲዮውን ላሳየሻቸው ሁሉ፣ ሳታፍሪ፣ ይህች እናቴ ናት በያቸው። ስሟን ንገሪያቸው። ስትመጪም መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ።

ትናንት እኔው ብቻዬን ክምሩ ዘንድ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ጭነት ያጎበጣት የማላውቃት ሴት ዳገቱን ወጣች። ሸክሟን ሳታወርድ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አንሥታ አኖረች። ለማን ነው ያኖርሽው አልኳት። “ለእቴጌ ነው ይላሉ፤ እኔ ምን አውቄ እናቴ። መንገድ ላይ ቀርታለች፤ ይበቃኛል” አለችና አለፈች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬያለሁ፤ እሷን አላረምኳትም።

ሰርካለም ጉንጭሽን ትስምሻለች። ንጉሡ በርቺ ይልሻል። ብርሀንነሽ በልጇ አፍራ ስሜን አትጥሩብኝ ብላለች፤ እኔ ግን ሰላምታዋን ጽፌልሻለሁ። ሐጂ መሐሙድ፣ “ያ ዱቄት ሰው ሆኖ አድጎ አየሁ በሏት፤ አልሃምዱሊላህ” ብለውሻል። አብረውሽ ላሉት ለአገርሽ ልጆች ሁሉ ሰላም በይልኝ።

አክስትሽ ይታይሽ
መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.