ዋንዛው ነው የጠጣው

ጥር 6፣ ሰኞ

«እስቲ ተንፍሺ» አለኝ ታላቅ ወንድሜ ደረጀ፣ ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶች ፊት፣ ጠጥቼ እንደሆነ ሊያሸት። ተነፈስኩ። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አፌን ከፍቼ ተነፈስኩለት።

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣ «ኧረ ክፍሏ ራሱ ይሸታል፤ ትናንት ሽታው በመስኮት መጣብኝ» አሉ። አዎ፣ አልኮል ይሸታል። የሚጠጣው ግን እንጨቱ ነው አልኩ። ሳቁ። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አባዬ ከሞተ ሃያ አንድ ቀኑ። ጎሮ ላይ ከእርሻው የተረፉለት አንዲት ግቢና አንድ የዋንዛ ዛፍ ነበሩ። መንገዱ ሲሰፋ ዋንዛው ተቆረጠ፤ አባዬም ከዚያ ብዙ አልቆየም። ግንዱን ገርጂ እንጨት ቤት ወስጄ በማሽን አራት ገበቴ አወጣሁ፤ ገና ወፍራምና እርጥብ። ዝም ብሎ ይድረቅ ከተባለ ዓመት ይፈጃል፣ ይሰነጠቃልም። አልኮል ውስጥ ካደረ ግን ውኃውን ቶሎ ይለቃል። ለአርባው እማዬ ዳቦ እንድታቀርብበት ነው። የተማርኩት ኬሚስትሪ እንጂ አረቄ ማውጣት አይደለም!

ጥር 7፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ ገበቴዎቹን አልኮል ውስጥ የዘፈዘፍኩበት ባልዲ ባዶ። ደረጀ አልኮሉን ቦይ ውስጥ ደፍቶ ገበቴዎቹን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስጥቷቸዋል። «ሽታው እንዲለቅ ብዬ ነው፤ ደግ ሠራሁ።» ሦስቱ ከአፍ እስከ ታች ተሰንጥቀዋል። የአንዱ ስንጥቅ ጣቴን ያሳልፋል።

አላለቀስኩም። ለአባዬም ገና በደንብ አላለቀስኩም።

አራተኛው ጥላ ስር ስለነበር ተርፏል። ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት አልኮል ቀርቶኛል። ገበቴውን ፌስታል ውስጥ ከትቼ አፈሰስኩበት፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። በሬን ቆለፍኩ።

ጥር 9፣ ሐሙስ

አወጣሁት። ውጩን በጋዜጣ ጠቀለልኩት፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። ውስጡ ይተንፍስ።

ባለሱቁ ከድር በስኳር ሚዛኑ መዘነልኝ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው። አፍንጫውን ይዞ፣ «አንቺ፣ ይሄ ደሞ ምን ጠጥቶ ነው የመጣው?» አለ።

«አልኮል።»

«ወላሂ፣ ሚስቴ ብትመጣ የሸተተው ገበቴው ነው በይልኝ!»

ሳቅኩ። ከለቅሶው ወዲህ የመጀመሪያዬ። የእኔን አፍ አላሸተተም።

ጥር 15፣ ረቡዕ

ክብደቱ እየቀነሰ ነው። ከአፉ በታች ፀጉር የምታህል መስመር አየሁ። ስንጥቅ ትሁን የእንጨቱ መልክ አላውቅም። ጫፏ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ።

እትዬ ብርቄ በር ላይ፣ «ዛሬስ ደህና ነሽ?» አሉኝ፤ «ዛሬስ» የምትለዋን ረገጥ አድርገው።

ጥር 24፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ደርቋል። መስመሯ ከእርሳሱ አላለፈችም። ተጣሞ ግን እንቁላል መስሏል፤ ገርጂ ወስጄ ላስተካክለው ጊዜ የለም። ይሁን።

እማዬ ተቀበለችኝ። ለረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ነገ ደረጀ ሰው ፊት ተንፍሺ ካለሽ፣ ተንፍሺለትና ነገሩ ይብረድ፣ ልጄ» አለችኝ።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለአባዬ፣ ለዋንዛው፣ እንግዶቹ ፊት ዝም ላለችው ለእማዬ።

ነገ ዳቦውን በዚህ በተጣመመ ገበቴ አቀርባለሁ። እንጨቱ ምን እንደጠጣ ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ንጹሕ ነኝ ለማለት ግን አፌን ከፍቼ ለማንም አልተነፍስም። ለወንድሜም። እናቴ ብትለምነኝም።