«ንገሯት» ብዬ የጮኽኩበት ቴአትር

ነቀምቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም.

ኮንጎ ለዘመተው ልጄ ለአንዳርጌ መሸሻ ይድረስ። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ አባትህ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዳሜ ተማሪዎቹ አንድ የጥንት ቴአትር አሳዩን። አንዲት እናት የዘመተ ልጇን ትጠብቃለች። መሞቱን እኛ ተመልካቾች ከመጀመሪያው ሰምተናል፤ እሷ ግን አልሰማችም። ጋቢውን አጥባ ታሰጣለች፤ ጎረቤቶቿም እያወቁ «ይመጣል» ይሏታል። አላስችል ቢለኝ ተነሥቼ «ንገሯት እንጂ!» ብዬ ጮኽኩ። ሰው ይስቅብኛል ስል አዳራሹ ጸጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ጎረቤታችን ኦቦ ጃራ እንኳ አንገቱን ደፋ።

በኋላ መምህር ደረሳ ምጸት ብዙ ዓይነት ነው አለኝ። አንዱ ሰው ሌላ እያሰበ ሌላ ሲናገር ነው፤ ሌላው ደግሞ ተመልካች ሁሉ የሚያውቀውን ባለጉዳዩ ብቻ ሳያውቀው ሲቀር። «የቱ ይከፋል?» ብዬ ብጠይቀው እጄን ይዞ እስከ ቤቴ ሸኘኝ።

የሰፈሩ ሰው ሰሞኑን ደግ ሆኗል። ተኳርፈን የከረምነው አዴ ሎሚ እንኳ በየቀኑ ወተት ትልክልኛለች። ያንተን ወሬ ስጠይቃቸው ግን ስለ ጤፍ አጨዳ ያወሩልኛል። ትናንት ኦቦ ጃራ እሁድ ጎህ ሳይቀድ ከሽማግሌዎች ጋር እንደሚመጣ ነገረኝ። ቅዳሴ እሄዳለሁ ብዬ ብነግረውም «ለዚህ እሁድ ይቅርብህ» አለኝ።

አንዳርጌ፣ ጋቢህን አጥቤ አስጥቼዋለሁ። ሁለት መስመር ብትሆንም በገዛ እጅህ ጻፍልኝ፤ ብቻ ከእሁድ በፊት ትድረሰኝ። እመብርሃን ካለህበት ትጠብቅህ።

አባትህ መሸሻ