አያ ውብነህ የተቀመጡ ዕለት

ጥር 15፣ ረቡዕ ጠዋት

ስማ አንተ ደብተር! ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ሥራ ላይ ነኝ። ጉልበቱ ያለቀ የመ/ር ሱሪ በእራፊ እጥፋለሁ። የስፌት መኪናዬ ትንጫጫለች።

እሑድ የጎተራው ስብሰባ ነው። ከውቂያ በኋላ የየቤቱ ሰው አንድ አንድ ቁና እህል ቀበሌ ያገባል። ገብስ ያለው ገብስ፣ ጤፍ ያለው ጤፍ። የተጠራቀመው ለአንድ ማኅበር ይሰጣል፣ ለራሱ ሳይል ሰው ለሚረዳ። ፈላጊው ቆሞ ይጠይቃል፣ ሕዝብ እጅ ያወጣል። በቃ።

ዘንድሮ ጠያቂው ሁለት። አንዱ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን፤ ከበሮና የደንብ ልብስ አማረው። ሌላው ከጉና ተራራ ሥር ያለው የቃሬዛ ማኅበር፤ በሽተኛና ምጥ የያዛት ሴት ተሸክመው እዚህ ሆ/ታል የሚያደርሱ። ቃሬዛቸው አርጅቷል አሉ።

ጓድ ሞላ፣ ሊ/መንበሩ፣ ለኪነቱ ተናገርልኝ ብሎኛል። የደንብ ልብሱን ማን ይሰፋል? እኔ! አንተን አልዋሽም።

ጥር 19፣ እሑድ ከሰዓት

ድል! አዳራሹን አናወጥኩት!

መጀመሪያ የቃሬዛዎቹ ሽማግሌ አያ ውብነህ ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። የቃሬዛችን ጠፍር በስብሷል፣ ሰው ይዘን ገደል እንዳንገባ እርዱን አሉ። ከዚያ ዝም። ሕዝቡ ይጠብቃል፣ እሳቸው ዝም።

እኔ ብድግ! «አያ፣ ጨረሱ እንዴ? እኛ እኮ ገና ጆሯችንን እየጠረግን ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወዲያው «ይኸው ተቀመጡ! ጥያቄያቸውን ትተዋል ማለት ነው!» አልኩ። ጓድ ሞላ ይችን ጠብቆ ኖሯል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በፈቃዳቸው ትተዋል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻለኝ። አብዮት ያለ ከበሮ እንዴት ይሆናል አልኩ። የሕዝቡ እጅ እንደ ገብስ ማሳ ቆመ።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጥሩዬ አላጨበጨበችም። ራት አቀረበች። እናትህ የየት አገር ሰው ነበሩ? አለችኝ። የጉና ሥር፣ ታውቂ የለ? አልኳት። እንዲያው ነው አለችና ተነሣች።

ጥር 22፣ ረቡዕ

የጥሩዬ ጥያቄ ከልቤ አልወጣልህ አለኝ።

በእናቴ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠይቅ። ከተሳቀበት ይቀመጣል። መቀመጡ ትቼዋለሁ ማለት አይደለም። እኔ ነግሬአችኋለሁ፣ የቀረው የናንተ ነው ማለት ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ጎረቤት እሳት ልትጭር ሄዳ ከተቀለደባት ደጃፉ ላይ ቁጭ ትላለች፣ ባለቤቱ አፍሮ ፍሙን ይዞ እስኪወጣ።

አውቀው ነበር። እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ታዲያስ! እጅ ያወጣ ሕዝቡ አይደለም? የደንብ ልብሱ ካኪ መጣ፣ ጥሩ ጨርቅ ነው። ዐሥራ ሁለት ሱሪ ልቆርጥ ነው።

የካቲት 4፣ ሰኞ

መቀሱን አስቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

ጥሩዬ ሆ/ታሉን ነው የምታጸዳ። እኩለ ቀን ላይ መጥረጊያዋን እንደያዘች መጣች። ዘርፌ የምትባል ምጥ የያዛት ሴት ከጉና ሥር በቃሬዛ ሲያመጧት ቁልቁለቱ ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ወደቀች። የቀረውን መንገድ በጋቢ አዝለው አደረሷት። እሷ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም።

ይህን ስትነግረኝ ቀበሌው ግቢ አዲሱ ከበሮ ይደለቃል። ልምምድ ላይ ናቸው። ጥሩዬ ወደ ድምፁ አየች፣ ወደ እኔ አየች። ምነው በሰደበችኝ።

የካቲት 6፣ ረቡዕ

ሆ/ታሉ በር ላይ አያ ውብነህን አገኘኋቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዘርፌ እስክትወጣ ይጠብቃሉ። ብዙ ለፈለፍኩ። ስለ ስብሰባው፣ ስለ ጓድ ሞላ፣ ስለ ሕዝቡ እጅ። ሰምተው ሰምተው፦

«የማን ልጅ ነበርክ አንተ?»

የእናቴን ስም ነገርኳቸው።

«እሷማ የኛ ናት» አሉ።  ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

እባክዎ እሑድ መጥተው እንደገና ይጠይቁ፣ እኔ እደግፍዎታለሁ አልኳቸው።

«ጠይቄአለሁ እኮ ልጄ።»

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እኔ! ደ/ታቦር ያፈራው ምላስ!

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ጓድ ሞላ ዘንድ ሄድኩ። ቃለ ጉባኤው ይታረም፣ ሰውየው አልተዉም፣ የተረፈው እህል ለቃሬዛው ይሁን አልኩ። ሳቀ። ትተዋል ያልከው አንተ፣ እኔ ጸሐፊህ ነኝ እንጂ አለኝ። ሐሰት አለው? የለውም። ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኪነት የሚቃወም ምን እንደሚባል ታውቃለህ አለኝ። አውቃለሁ። ፀረ አብዮት ሲባል ያየሁትንም ሰው አውቃለሁ።

ፈራሁ። ጻፈው፣ ፈራሁ። የቆረጥኩትን ካኪ ግን አልሰፋሁትም። ተከምሯል።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ቆርጫለሁ። ጥሩዬም ሰምታለች፤ ነጠላዬን አጥባ አሰጣች።

ነገ ስብሰባ ነው፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹም እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ጓድ ሞላ ዕድል ባይሰጠኝም እነሣለሁ። አስቀድሜ ያሳቅኋችሁ እኔ ነኝ፣ የሽማግሌውን መቀመጥ ትርጉሙን እያወቅሁ ያጣመምኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የደንብ ልብሱም ስፌት የኔ ነበር እላለሁ። ይሳቁ። አልቀመጥም።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው እዞራለሁ። ጓድ ሞላ! አያ ውብነህ በፈቃዳቸው ትተዋል ብለህ ጽፈሃል። ከአፋቸው የሰማኸው የትኛውን ቃል ነው? ቢሮህ ውስጥ ለብቻዬ አትንገረኝ። ተነሥና እዚሁ፣ ዘርፌን አዝለው ባመጧት ሰዎች ፊት መልስ!