የሐጂ ሸምሱ የባንኮክ ሽርሽር

ነሐሴ 12፣ ጠዋት 4፡30

ማስታወሻዬ ሆይ፣ እንደ ልማዴ በስብሰባው የተገኙትን በየማዕረጋቸው ላስቀድም። የሐጂ ሸምሱ ሐኪም፣ ክቡር ዶክተር፤ የቤቱ እመቤት ወ/ሮ ዘይነባ፤ የበኩር ልጅ ነስሩ፤ የመጨረሻዋ ልጅ ሐያት፤ በመጨረሻም እኔ፣ የቀድሞው የክ/ከተማ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ዛሬ ጡረተኛ። ያልተገኙ፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ሐጂ ሸምሱ። በዚያው ሰዓት መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ባለው ሱቃቸው ብርድ ልብስ ያስራግፋሉ።

ዶክተሩ ባጭሩ ተናገሩ። ጉበታቸው ላይ ዕጢ አለ። እዚህ አይነካም። በአንድ ወር ውስጥ ባንኮክ ካለው ሆስፒታል ከደረሱ ቀዶ ጥገናው ተስፋ አለው። ከዚያ በኋላ ላለው ቃል አልገባም አሉ።

የቤተሰቡ ውሳኔ፦ አይነገራቸው። ወ/ሮ ዘይነባ፣ ከበሽታው በፊት ወሬው ይገድላቸዋል አሉ። ነስሩ ደገፈ። ሐያት ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ስለዚህ ሐጂ ወደ ታይላንድ የሚሄዱት ለዕረፍት ነው። እኔና ሐያት አብረን እንሄዳለን። ዕቅዱን የማወጣው፣ የማሳምናቸውም እኔ ነኝ። የአርባ ዓመት ወዳጅ ነኝ፤ ያምኑኛል።

ተቀበልኩ። በሰው ሕመም ሁላችንም እንዲህ ስናደርግ ኖረናል። በእናቴም አድርጌዋለሁ።

ነሐሴ 14፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ገርጥቷል። ታይላንድ ለዕረፍት እንሂድ አልኳቸው።

"ዕረፍት? ዜና ዕረፍት በለኛ! አንተ ሰውዬ፣ ምክር ቤታችሁ ውስጥ ሽርሽር የሚል ቃል አልነበረም?"

ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት እንደ ሳቅኩ አላውቅም።

ደስ ብሏቸዋል። ዕድሜ ልካቸውን ለሸቀጥ እንጂ ለመዝናናት ከአገር ወጥተው አያውቁም። ሁሉንም በወረቀት አምጣ አሉ። የሐጂ ሕግ ይህ ነው፦ የፈረንጅ ጽሑፍ አያነቡም፣ አማርኛውም ያደክማቸዋል፤ ታዲያ ማንም ይሁን ማን፣ ጮክ ተብሎ ሳይነበብላቸው ወረቀት ላይ አይፈርሙም። ለዚህ ሥራ አርባ ዓመት የሚጠሩት እኔን ነው።

ነሐሴ 17፣ 11 ሰዓት

አብነት ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ቤት ሁለት ቀን ተመላልሼ ያጠናቀርኩትን ዛሬ አነበብኩላቸው። ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከፓስፖርቱ አይለይ፤ እኛን ኢትዮጵያውያንን ይጠይቁናል። ስስ የጥጥ ልብስ ይያዝ፤ ካፖርት እዚሁ ይቅር። ሐላል ምግብ የሚገኘው ሙስሊሞች በሚኖሩበት ሰፈር ነውና ሆቴሉም እዚያው አካባቢ ቢሆን። ታክሲ ከመሳፈር በፊት ቆጣሪውን ማስከፈት። የሰው ራስ በእጅ አይነካም፣ የሕፃንም ቢሆን። ተመራጩ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ነሐሴና መስከረም ዝናብ ይበዛል፣ መንገዱ በጎርፍ ይያዛል።

የመጨረሻውን ለምን ጻፍኩት? እውነት ስለሆነ። ምክር ስጥ ተብዬ ጎዶሎ ምክር ሰጥቼ አላውቅም።

ሐጂ ወደ ውጭ፣ ወደ ጭቃው ተመለከቱ። "ከመርካቶ ጭቃ ሸሽቼ የባንኮክን ልረግጥ? በታኅሣሥ እንሄዳለን። ምን ያስቸኩለናል፣ ክቡርነትዎ?"

ታኅሣሥ። በጣቴ ቆጠርኩ። አራት ወር።

ነሐሴ 18

ነስሩ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም፤ ዛሬ አደረገ። "ጋሼ፣ ዝናቡን ማን ጠየቀዎት?" አለኝ። ለሽርሽር የሚበጀው ምክር በሽተኛውን የሚገድል ሆኗል፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 22፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ሌላ መንገድ ሞከርኩ። በዝናብ ወቅት ሆቴሉም አውሮፕላኑም ዋጋው ይወርዳል አልኳቸው።

"ይወርዳል? ታዲያ ይህን አስቀድመህ አትናገርም? ነጋዴ ፊት ስለ ደመና ታወራለህ!"

በአንድ ደቂቃ ተስማሙ። ከዚያ የቪዛውን ቅጽ አወጣሁ። የጉዞው ምክንያት በሚለው ፊት ለፊት ሐያት "ሕክምና" ብላ ሞልታለች፤ የሆስፒታሉ ደብዳቤ ተያይዟልና ሌላ መጻፍ አይቻልም። ሐጂ እስክሪብቶ ያዙ። አንብብ አሉ።

ስም አነበብኩ። የትውልድ ቦታ አነበብኩ። የጉዞው ምክንያት፦ ጉብኝት፣ ብዬ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ፈረሙ።

በዚህ ድምፅ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት ውሳኔ አንብቤአለሁ። ያልተጻፈ ቃል ሳነብ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ምሳ አልበላሁም።

ነሐሴ 29

ቪዛ ደረሰ፣ የሦስታችንም። በረራው ጳጉሜን 4። ሐጂን ልብስ ሰፊው ዘንድ አገኘኋቸው። በወሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሱሪ ያስጠብባሉ። "ለሽርሽር ብዬ ጎረምሳ ሆንኩልህ" ይላሉ። ሰፊው አንገቱን ደፍቶ መርፌውን ይገፋል። እሱም ገብቶታል መሰለኝ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸው ብቻ ናቸው የማያውቁት።

እዚያው ሳለን መልእክተኛ መጣ። ቡታጅራ ያለው ታናሽ ወንድማቸው ነው የላከው። በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መታመምህን ሰምቻለሁ፣ አውፍ እንባባል፣ ይቅር እንባባል ይላል።

ሐጂ ሳቁ። "ማን ነው የታመመው? ስመለስ በሉት። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ሁለት ሳምንት አያቅተውም።"

ስመለስ። ሞት እንዳለ ቢያውቁ ይህን አይሉም ነበር። ከእጃቸው የወሰድነው ይህን ነው፤ ይቅር የሚሉበትን ቀን።

ጳጉሜን 1፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ወስኛለሁ። ነስሩን አላማከርኩም። የቅጹን ቅጂና የሆስፒታሉን ደብዳቤ ይዣለሁ።

ያው ቀን፣ 6 ሰዓት

ሱቅ፤ ሠራተኞቹን ለምሳ ሸኘሁና ከሐጂ ጋር ብቻችንን ቀረን። ያኔ በስሕተት ያነበብኩት አለና ልድገመው አልኩ። ስሕተት ማለቴም ውሸት ነው፤ ወዲያው አረምኩት። የጉዞው ምክንያት፦ ሕክምና፣ ብዬ አነበብኩ። ደብዳቤውን ተረጎምኩ። ጉበት። ዕጢ። ቀዶ ጥገና። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

ውጭ አንድ ተሸካሚ መንገድ! መንገድ! እያለ ያልፋል። ሐጂ የብርድ ልብስ ዘርፍ በጣታቸው ይጎነጉናሉ።

"ሕመሙ ከአላህ ነው፤ እሱን አልጠይቅም። ንባቡ ግን ያንተ ነው።"

ይቅርታ ጠየቅኩ። አልሰሙኝም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ።

"ከእኔ ጋር አትሄድም። ውጣልኝ።"

ወጣሁ።

ጳጉሜን 3

ሐያት በስልክ ነገረችኝ። ትናንት እሷና አባቷ በሌሊት ተነሥተው ቡታጅራ ሄደዋል። ወንድማማቾቹ በር ላይ ተቃቅፈው ቆዩ አለች፤ ያወሩትን አልሰማችም። ማምሻውን ተመለሱ። አባቷን መኪና ውስጥ ሁለቴ አስመለሳቸው።

ነስሩ ሰላምታዬን አይመልስም። ወ/ሮ ዘይነባ ስልኬን አያነሡም። መብታቸው ነው። ሻንጣዬን ፈታሁ። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥን መለስኩ።

ጳጉሜን 4፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሐያት ደጄ ላይ ቆማለች። አልገባም አለች፣ ትቸኩላለች። ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚፈረም ወረቀት ከሆስፒታሉ ተልኳል። ሊደርስ የሚችለው ክፉ ነገር ሁሉ የተዘረዘረበት፣ ሰባት ገጽ። እኔ አነብልዎታለሁ ብትላቸው አባቷ እምቢ አሉ። ያሉትን እንዳለ ነገረችኝ፦

"አንቺ ልጄ ነሽ፤ ታሳጥሪልኛለሽ። ያንን ውሸታም ጥሪልኝ። አንዴ ዋሽቶ አፍሯል፤ ሁለተኛ አይዋሽም።"

ጋሼ፣ ይመጣሉ? አለችኝ።

እሄዳለሁ። ሰባቱንም ገጽ አነባለሁ። ከባዱ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄን አልቀንስም፤ ይደገም ቢሉኝም እደግመዋለሁ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ስለ ታገሥኸኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ለሐያት ብርታትን፣ ለሐኪሞቹ የቀና እጅን፣ ለሥራቸውም ፍጹም መሳካትን እመኛለሁ። ለሐጂ ደግሞ የምመኘውን እዚህ አልጽፍም፤ ሐያት ትጠብቀኛለች፣ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።